ከቅንድብ በኩል ወይስ ከፀጉር ውስጥ?

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 31 ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ጅማ መርካቶ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የቀኝ ዓይኔ እየደበዘዘ መጣ። መነፅር ቢያስፈልገኝ ነው ብዬ ሄድኩ፤ በኤምአርአይ ዕጢ ተገኘ። ሜኒንጂዮማ ይባላል አሉኝ። ከዓይኔ ነርቭ አጠገብ ነው። እዚሁ ጅማ ያዩኝ ሐኪም ከጆሮዬ ፊት ጀምረው በፀጉሬ ውስጥ እንደሚከፍቱ ነገሩኝ። አዲስ አበባ ያዩኝ ሌላ ሐኪም ደግሞ ቅንድቤ ላይ ትንሽ ከፍተው ሊያወጡት እንደሚችሉ ነገሩኝ። መውጣት አለበት በሚለው ሁለቱም ይስማማሉ። እኔን ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ፊቴ ነው። አማቴ “ነፍስሽ ትትረፍ እንጂ መልክ ምን ያደርግልሻል?” ትላለች። ባለቤቴ ዝም ይላል። አንዳንዴ ልጄ ትንሽ ከፍ እስኪል አንድ ዓመት ላቆየው እላለሁ። ሐኪሞቹን ስለ ጠባሳው መጠየቅ አፈርኩ። የቱን ልምረጥ? ሂጃብ እንደምለብስም ልንገርዎት፣ ምናልባት ለውጥ ካለው።»

እህቴ፣ አንድ ዓመት ላቆየው ካልሽው ልጀምር። እሱን ሐሳብ ተዪው።

ሜኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ነው። የሚነሳው ከአንጎሉ ሳይሆን አንጎልን ከሚሸፍነው ልባስ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። አንዳንዱን ሐኪሞቹ ራሳቸው «እንከታተለው» ብለው ለዓመታት ሳይነኩት ይቆያሉ። ያንቺ ግን ዓይንሽን ይዞታል። የተጨቆነ የዓይን ነርቭ ጫናው ቶሎ ሲነሳለት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። ከቆየ ነርቩ ይከስማል። ያን ጊዜ ዕጢው ቢወጣም የጠፋው ብርሃን ላይመለስ ይችላል። ጠባሳ ይደበዝዛል፣ ይሸፈናል፣ ካስፈለገም በኋላ ይስተካከላል። ለዓይን እንዲህ ያለ መፍትሔ የለም። ስለዚህ የምንነጋገረው በየት በኩል ይከፈት በሚለው ላይ ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የሦስት ወር መርፌ የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ። በ2024 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት ይህን መርፌ ከአንድ ዓመት በላይ የወሰዱ ሴቶች ላይ ሜኒንጂዮማ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። መርፌውን ለሚወስዱት ሁሉ ዕጢ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በጣም ጥቂቶች ናቸው። ዕጢው ያለባት ሴት ግን ሌላ መከላከያ እንድትመርጥ ይመከራል።

አሁን ወደ ማፈርሽ። አማትሽ ክፉ አስበው እንዳልተናገሩ አውቃለሁ። ነፍስሽ ነው ያስጨነቃቸው። ግን ሱቅ ቆመሽ ደንበኛ የምታስተናግጂው በዚሁ ፊት ነው። ልጅሽ ጠዋት ሲነቃ የሚፈልገው ይህንኑ ፊት ነው። ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ይህን የምልሽ ቤቴ ውስጥ ስላየሁት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከዓመታት በፊት የጭንቅላት ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ነበር። ዕጢው በደንብ ወጣ። ሐኪሞቹ ደስ አላቸው፤ እኛም ተመስገን አልን። ከስድስት ወር በኋላ ግን በተከፈተበት በኩል፣ ከዓይኑና ከጆሮው መካከል ያለው ቦታ እየጎደጎደ መጣ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ልጁ ዕጢው ተመልሶ አጥንቱን እየበላው መሰለው። ለማንም አልተናገረም። ዓመቱን ሙሉ ኮፍያ አድርጎ ከረመ። ፎቶ መነሳት አቆመ። ሠርግ ሲጠራ ይቀራል። በኋላ ለክትትል ሲሄድ ሌላ ሐኪም ገጠመው። «ይሄ እኮ ጡንቻው ሳስቶ ነው፤ አደጋ የለውም፣ ከፈለግክ ይሞላልሃል» አሉት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሜ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰ። ለዚያች ሁለት ደቂቃ አንድ ዓመት ከፍሏል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወንድሜን ያስጨነቀው ራሱ ስርጉዱ አይመስለኝም። ሳይነገረው መምጣቱ ነው። ጠባሳ እያላቸው በውጤታቸው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ምን እንደሚመጣ አውቀው የገቡ ናቸው። ስለዚህ አንቺም አውቀሽ እንድትገቢ ሁለቱንም መንገድ በግልጽ ላስረዳሽ።

ጅማ ያዩሽ ሐኪም የነገሩሽ የቆየውና በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ነው። በዙሪክ የሠሩት ቱርካዊው ቀዶ ሐኪም ያሳርጊል ናቸው ያስፋፉት። ቆዳው ከጆሮ ፊት ተጀምሮ፣ የፀጉርን መስመር ከኋላ ተከትሎ፣ ወደ ግንባር አናት ይከፈታል። ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ስትሰሚው ያስፈራል። ጠባሳው ግን ፀጉር ውስጥ ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሙሉ ራስ መላጨት ኢንፌክሽን እንደማይቀንስ ስለታወቀ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚከፈተውን መስመር ብቻ ይላጫሉ። ይህን አስቀድመሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

የዚህ መንገድ ጣጣው ከቆዳው ሥር ነው። የምናኝክበት ትልቅ ጡንቻ ከአጥንቱ ላይ ተላቆ ይነሳል፤ በኋላ ተመልሶ ይሰፋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ጡንቻው ይሳሳል። ወንድሜ ላይ የታየው ስርጉድ ይሄ ነው። ለጥቂት ሳምንታት አፍ በደንብ አይከፈትም፣ ሲያኝኩ ያማል። እዚያው አካባቢ ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሳው ቀጭን ነርቭ ያልፋል። እሱ ከተጎተተ ቅንድቡ ለወራት ይሰንፋል፤ አልፎ አልፎም በዚያው ይቀራል። የሠለጠነ እጅ ይህን ነርቭ የሚያልፍበት ዘዴ አለው።

የአዲስ አበባው ሐኪም የነገሩሽ ደግሞ ጀርመን ማይንዝ ከተማ ይሠሩ በነበሩት በፐርኔትስኪ ስም የሚነሳ ነው። ቁልፍ ቀዳዳ ይሉታል። በር ላይ ያለች ጠባብ ቀዳዳ ዓይንሽን ስታስጠጊባት ክፍሉን በሙሉ ታሳያለች፤ ሐሳቡ እሱ ነው። ቅንድቡ አይላጭም። በቅንድቡ ፀጉር ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። ከዓይን በላይ ያለው አጥንት ትንሽ ይነሳል። የማኘኪያው ጡንቻ ብዙም ስለማይነካ እንደ ወንድሜ ያለ ስርጉድና የመንጋጋ ሕመም ይቀንሳል። በዚህ መንገድ የተሠሩ ሰዎች ሲጠየቁ አብዛኞቹ በጠባሳው ደስተኞች ናቸው። አልጋ ላይ የሚቆዩበትም ጊዜ ብዙ ጊዜ ያጥራል።

እሱም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከቅንድብ ላይ ተነስቶ ወደ አናት የሚወጣ የስሜት ነርቭ አለ። ከተነካ ግንባርሽ ይደነዝዛል። ብዙ ጊዜ በወራት ይለቃል፤ አንዳንዱ ላይ ይቀራል። ቅንድብ የሚያነሳው ነርቭም እዚህ ሊጎተት ይችላል። የተነሳው አጥንት ሲመለስ ክፍተት ከቀረ ግንባር ላይ መስመር ወይም ትንሽ ስርጉድ ይታያል። ግንባር ላይ ደግሞ መደበቂያ የለም። ከቅንድብ በላይ አጥንቱ ውስጥ አየር የሚይዝ ክፍተት አለ፤ ሳይነስ ይባላል። እሱ ትልቅ ከሆነና ከተከፈተ የአንጎል ፈሳሽ በአፍንጫ ሊያፈስ፣ ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። ሳይነሱ በጣም ትልቅ የሆነበትን ሰው ብዙ ሐኪሞች በዚህ በኩል አይከፍቱትም። በሲቲ ስካን ይታያል። ያንቺ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቂ።

ለአንዳንድ ዕጢ በአፍንጫ በኩል በካሜራ የሚገባበት ሦስተኛ መንገድም አለ። ፊት ላይ ምንም ጠባሳ የለውም። የማሽተት ችግርና የፈሳሽ መፍሰስ ግን ሊያስከትል ይችላል። ዕጢው መሃል ላይ ካልሆነም አይመችም። ላንቺ ስላልተነሳ አልፈዋለሁ።

ስለ ሂጃብሽ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። ለውጥ አለው፤ በጣም አለው። ሰው ትንሹ ጠባሳ ሁልጊዜ የሚያምረው ይመስለዋል። የሚታየው የት እንዳረፈ ነው። የፀጉር ውስጡ ጠባሳ ረጅም ቢሆንም ፀጉርሽና ሂጃብሽ ይሸፍኑታል። የሚያየው ባለቤትሽ ነው፣ እናትሽ ናት፣ ሹሩባ የምትሠራሽ ልጅ ናት። የቅንድቡ ግን አጭር ቢሆንም መርካቶ ውስጥ ደንበኛሽ ፊት ለፊት ያየዋል። ቅንድብሽ ወፍራም ከሆነ ውስጡ ይጠፋል፤ ከዓመት በኋላ ካልተነገረው በቀር የሚያውቅበት የለም። ቀጭን ከሆነ ግን የሚሸሸግበት የለውም። ስለዚህ ሌላ ሴት ያለ ማመንታት ቅንድቡን ብትመርጥ ላንቺም ያ ይሻላል ማለት አይደለም። መስተዋት ፊት ቁሚና የራስሽን ፊት ተመልከቺ።

ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትከተቢ ጠባሳሽ አብጦ፣ ከቁስሉ አልፎ አድጎ ያውቃል? ኬሎይድ ይሉታል። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ይበዛል። ካለብሽ ለሁለቱም ሐኪሞች ሳትጠየቂ ተናገሪ። የሚከፈትበትን ቦታም፣ በኋላ የሚሰጥሽንም እንክብካቤ ሊለውጠው ይችላል።

የቱን ልምረጥ ላልሽው የኔን ሐሳብ ሳልሸሽግ ልንገርሽ። ከጠባሳው በፊት እጁን ምረጪ። ጠባብ ቀዳዳ ዕጢውንና የዓይን ነርቭሽን በደንብ ካላሳየች ቆንጆ ቅንድብ ይዘሽ ዕጢሽ ውስጥ ይቀራል። በጠባብ በር መሥራት ልምድ ይጠይቃል፤ ልዩ መብራትና ልዩ መሣሪያም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያዩሽ ሐኪም ይህን መንገድ ዘወትር የሚሠሩት ከሆነና የሳይነስሽ ነገር ከፈቀደ ጥሩ ምርጫ ነው። አልፎ አልፎ የሚሞክሩት ከሆነ ግን የጅማው ሐኪም በየሳምንቱ የሚሠሩት ሰፊ መንገድ ይሻልሻል። ከቤትሽም ቅርብ ነሽ። ለክትትል 350 ኪሎ ሜትር አትመላለሺም። ልጅሽም ሰው ቤት አይውልም።

ይህን ሁሉ ማወቅ የምትችዪው በመጠየቅ ነው። «ዶክተር፣ እንዲህ ያለ ዕጢ በዚህ በኩል ስንት ሰው ሠርተዋል?» በዪ። ሐኪም በዚህ አይቀየምም። «ቅንድቤ ይሰንፋል? ግንባሬ ይደነዝዛል? ከዓይኔ ጎን ይጎደጉዳል? አጥንቱን በምን ታስሩታላችሁ? የተሰረሰሩትን ቀዳዳዎች ትሞሏቸዋላችሁ?» በዪ። አጥንቱ በትናንሽ የቲታኒየም ሰሌዳዎች ወይም በክር ሊታሰር ይችላል። የመሰርሰሪያው ቀዳዳ ባዶውን ከተተወ በኋላ በጣት የሚዳሰስ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ብዙ ሐኪሞች በአጥንት ዱቄት ወይም በሰሌዳ ይሸፍኑታል። አንዳንዴ ይህን የሚያስታውሳቸው የታካሚዋ ጥያቄ ነው። አማችሽ ወይም ወንድምሽ አብሮሽ ይግባና መልሱን ይጻፍ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሚነገረው ግማሹ ከድንጋጤ የተነሳ ይረሳል።

አንድ ነገር ሳስበው ይገርመኛል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በአገሩ ሁሉ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በየት በኩል ይከፈት ብሎ የሚጠይቅ ታካሚ ማን ነበር? ዛሬ አንቺ ጅማ ተቀምጠሽ ሁለት መንገድ ቀርቦልሻል። ተጠቀሚበት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስላለው ደግሞ ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ዓይንሽ ሊያብጥና ሊከደን ይችላል። በየትኛውም በኩል ቢከፈት ነው። በሳምንት በሁለት ሳምንት ይወርዳል። ጠያቂ ግን የሚመጣው ልክ በነዚያ ቀናት ነው። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ። በር ላይ ቆሞ «ውይ ፊቷ!» ይላል። ባለቤትሽን አሁኑኑ ንገሪው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠያቂውን እሱ ያስተናግድ። ዝም የሚለው ምናልባት የሚሠራው ስላጣ ይሆናል። ይህን ሥራ ስጪው።

ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ሊሰጥሽ ይችላል፤ እብጠት ለመቀነስ ነው። ከቆየ ፊት ያወፍራል፣ ጉንጭ ክብ ይላል። መድኃኒቱ ሲቀነስ ይመለሳል። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ቅቤ! እናቶቻችን በፍቅር ነው አናት ላይ ቅቤ የሚያደርጉት። ስፌቱ ወጥቶ፣ ቁስሉ ጨርሶ ገጥሞ፣ ሐኪምሽ እሺ እስኪሉሽ ድረስ ቅቤም፣ ማርም፣ ጥቁር አዝሙድም አይነካሽ። ሂናም ይቆይ። ከሂጃብሽ ሥር የምታደርጊው ኮፍያ ጠበቅ ያለ ከሆነ ስፌቱን ይፍቀዋል። ለጊዜው ሰፋ ያለ ንጹሕ ጥጥ ልበሺ፣ ስፒሉንም ከስፌቱ አርቂው። ሹሩባ ደግሞ ቆዳ ይጎትታል፤ ለጥቂት ወራት ታገሺ።

በፀጉር ውስጥ ከተከፈተ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሾርባ ይሻልሻል። ከዚያ ሐኪምሽ ሲፈቅዱ አፍሽን በቀን ብዙ ጊዜ ቀስ እያልሽ መክፈት ልመጂ። ሳይፍታታ ከቆየ መንጋጋው ይደርቃል። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ማደንዘዣ ለሚሰጥሽ ባለሙያ ሳትሸሽጊ ንገሪ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይነካል፤ የሚፈርድብሽ የለም።

ጠባሳ መጀመሪያ ይጠቁራል ወይም ይቀላል፤ ይጠነክራልም። በሦስተኛው ወር አይተሽው ተስፋ እንዳትቆርጪ። የመጨረሻ መልኩን የሚይዘው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። የቅንድቡ ከሆነ ፀሐይ አታስመቺው። ቁስሉ ከገጠመ በኋላ የሲሊኮን ጄል ሊጠቅም ይችላል፤ ሐኪምሽን ጠይቂ። ዓመት አልፎት አሁንም የሚከነክንሽ ከሆነ ስርጉድ ይሞላል፣ ጠባሳም ይታረማል።

እነዚህን ግን እንዳትጠብቂ። በአፍንጫሽ ወይም ከስፌቱ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከመጣ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ አንገትሽ ከደረቀ፣ ስፌቱ ከቀላና መግል ከያዘ በዚያው ቀን ሂጂ። አዲስ አበባ ከተሠራሽ ደግሞ በአውሮፕላን ወደ ጅማ ከመመለስሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ። ጭንቅላት ሲከፈት ውስጥ የገባ አየር ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ይሰፋል።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። ነገ ጠዋት ብርሃን ሲሞላ መስኮት አጠገብ ቁሚ። ባለቤትሽ ፎቶ ያንሳሽ። ሂጃብሽን አውልቀሽ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ ሰብስበሽ፣ ከፊት ለፊት አንድ፣ ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ። ከዚያ ሁለቱንም ቅንድብሽን ወደ ላይ አንስተሽ አንድ። ጥርስሽን ነክሰሽም አንድ፤ የማኘኪያው ጡንቻ እንዲታይ። ስልክሽ ላይ አስቀምጫቸውና በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ አሳዪ። «ፊቴ ይሄ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ምኑ ይለወጣል?» በዪ። በስድስተኛው ወር ደግሞ እዚያው መስኮት ጋ ቆመሽ እንደገና ተነሺ። ያን ጊዜ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።